ዘንድሮ ዋንጫውን ማን ይበላል? ሁሉም እኩል በሆነበት ሊግ ትንበያ ከየት ይጀመራል?

የታቦር ልጅ (ሀዋሳ)

ሰላም ለሁላችሁ። ክረምቱ ሊወጣ ነው፣ የዝውውር ወሬውም ጦፏል። እኛ ጋራዥ ደግሞ የትንበያ ደብተሩ ከመሳቢያ ወጥቷል።

ለማያውቅ ላስረዳ። ሊጉ ከመጀመሩ በፊት እያንዳንዳችን የፕሪሚየር ሊጉን ሰንጠረዥ ከአንደኛ እስከ መጨረሻ ጽፈን እንፈርማለን። ደብተሩ ተቆልፎ ይቀመጣል፣ ውድድሩ ሲያልቅ ይከፈታል። ገንዘብ የለበትም፣ ቁማርም አይደለም። ከእውነተኛው ሰንጠረዥ በጣም የራቀው ሰው ሁላችንንም አሞራ ገደል ወስዶ አሳ ይጋብዛል።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። እንዲህ ያለ ሊግ እንዴት ይተነበያል? እስቲ ያለፉትን ዓመታት ተመልከቱ። 2010 ጅማ አባ ጅፋር። 2011 መቐለ 70 እንደርታ። 2012 በኮሮና ተሰረዘ። 2013 ፋሲል ከነማ። 2014 እና 2015 ቅዱስ ጊዮርጊስ። 2016 ንግድ ባንክ። 2017 ኢትዮጵያ መድን። በዚህ ሁሉ ጊዜ ከጊዮርጊስ በቀር የደገመ የለም። ጅማና ንግድ ባንክ ደግሞ ገና ከታችኛው ሊግ ባደጉበት ዓመት ነው ዋንጫውን ያነሱት። ያን ጊዜ አዲስ ያደገ ክለብ አንደኛ ብሎ የሚጽፍ ሰው ቢኖር ማን ይሰማው ነበር?

የባለፈውን ዓመት ሰንጠረዥ ነካ ነካ አድርጎ መጻፍም አያዋጣም። ጅማ ሻምፒዮን በሆነ በአራተኛ ዓመቱ ወረደ። ደደቢትም በ2005 ዋንጫ በልቶ በ2011 ወርዷል።

ብዙዎቹ የስራ ባልደረቦቼ ትንበያቸውን የሚጀምሩት «አጥቂ ማን አስፈረመ?» ከሚለው ነው። በ2010 ኦኪኪ አፎላቢ ኮከብ ጎል አግቢ ሆነ፣ ዋንጫውም ወደ ክለቡ ጅማ ሄደ። በ2011 አማኑኤል ገብረሚካኤል፣ ዋንጫውም መቐለ። እስከዚህ ድረስ እሺ። በ2013 ግን አቡበከር ናስር ለኢትዮጵያ ቡና 29 ጎል አስቆጥሮ ዋንጫው ጎንደር፣ ፋሲል ከነማ ቤት ገባ። በ2014 የሲዳማ ቡናው ይገዙ ቦጋለ አንደኛ ጎል አግቢ ሆነ፣ ዋንጫውን ጊዮርጊስ ወሰደ። በ2016 ደግሞ የእኛው የሀዋሳ ከተማው ዓሊ ሱሌማን ነበር፣ ዋንጫው ንግድ ባንክ። አጥቂው ብቻውን መልስ አይሆንም ማለት ነው።

እኔ የሀዋሳ ከተማ ደጋፊ ነኝ። ሀይቆቹ ዋንጫ የበሉት በ1996 እና በ1999 ነው። ጋራዣችን ውስጥ ያለው ተለማማጅ ልጅ ያኔ ገና አልተወለደም፣ ግን የሀዋሳን ማሊያ ከላዩ አያወልቅም። ለእሱ ስል እንኳ አንደኛ ብዬ ብጽፍ ደስ ይለኛል። ትንበያ ግን ምኞት አይደለም። በትክክል አስቤ መጻፍ ነው የምፈልገው።

ከየት ልጀምር? ከዝውውሩ? ከአሰልጣኙ? ወይስ ውድድሩ ከየትኛው ከተማ እንደሚነሳ ከማየት?


የሜዳው ሰው (ሀዋሳ)

ልጄ፣ ከአሰልጣኙ ጀምር።

አንተ ራስህ የጻፍከውን ዝርዝር ደግመህ እየው። ጅማ በ2010፣ መቐለ በ2011፣ መድን በ2017። ሦስት ክለብ ነው። ተጫዋቹ ሌላ፣ ከተማው ሌላ፣ በጀቱ ሌላ። አሰልጣኙ ግን አንድ ሰው ነው፤ ገብረመድህን ኃይሌ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ትፈልጋለህ?

እኛ አገር የተጫዋች ውል አጭር ነው። አንድ ዓመት፣ ቢበዛ ሁለት። ክረምት በመጣ ቁጥር ግማሹ ቡድን ይበተናል። አንዱ ከአንዱ እየተቀባበለ ያው ተጫዋች ክለቦቹን ይዞራል። ስለዚህ ስሙ የገነነ ልጅ ፈረመ ማለት ብዙም ለውጥ አያመጣም፣ ጎረቤቱም ያንኑ የሚመስል አስፈርሟል። ልዩነቱ የሚመጣው እነዚያን አዳዲስ ልጆች በስድስትና በሰባት ሳምንት ውስጥ ማን ቡድን ያደርጋቸዋል ከሚለው ነው። ያ ደግሞ የአሰልጣኝ ስራ ነው።

ሁለተኛ፣ አከርካሪውን ቁጠር። ግብ ጠባቂው፣ ሁለቱ የመሐል ተከላካዮች፣ የተከላካይ አማካዩ። ከአራቱ ስንቱ ከአምና ቀሩ? ሦስት ከቀሩ ያንን ክለብ ከላይኛው ግማሽ አታውርደው። አንድ ብቻ ከቀረ፣ አጥቂው ማንም ይሁን ማን፣ እስከ ጥር ሲንገዳገድ ታየዋለህ።

ሦስተኛ፣ ሀዋሳ ስለምትኖር ዕድለኛ ነህ። ክለቦች ለቅድመ ውድድር ዝግጅት እዚህ ይመጣሉ። የአቋም መለኪያ ጨዋታ ስታገኝ ሄደህ ቁም። ውጤቱን እርሳው፣ በዚያ ጊዜ 4 ለ 0 ምንም አይነግርህም። ከስልሳኛው ደቂቃ በኋላ ያለውን ተከታተል። ኳስ ስትነጠቅ የተከላካይ አማካዩ የት ነው ያለው? ኳሱ ፊት ቆሞ ተጋጣሚውን ወደ ጎን የሚገፋ ከሆነ ጥሩ። ፊቱን ወደ ራሱ ጎል አዙሮ ከኋላ እያሳደደ የሚሮጥ ከሆነ፣ ወይ ልጁ ደክሟል ወይ የመሐል ተከላካዮቹ ከእሱ ርቀዋል። ሰላሳ ሜትር ክፍተት በዓይንህ ታያለህ። ያ ክፍተት በዝግጅት ካልተዘጋ ኅዳር ላይ አይዘጋም። እኔ ታዳጊዎችን የማሰለጥን ሰው ነኝ፣ በአስራ አምስት ዓመት ልጆችም በፕሪሚየር ሊግም ይሄ ነገር አንድ ነው።


የታቦር ልጅ (ሀዋሳ)

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። አከርካሪውን ዛሬውኑ መቁጠር እጀምራለሁ። አንድ ጥያቄ ግን አለኝ። አሰልጣኙም አዲስ፣ ተጫዋቹም አዲስ የሆነበትን ክለብ የት ነው የማስቀምጠው?


የሜዳው ሰው (ሀዋሳ)

አሰልጣኙ የራሱን ምክትልና ከዚህ በፊት አብረውት የሰሩ ሁለት ሦስት ተጫዋቾች ይዞ ከመጣ መሐል ላይ አስቀምጠው። ብቻውን ከመጣ ዝቅ አድርገው።


ሰላም ከአዳማ (አዳማ)

የጋሼን ሐሳብ እደግፋለሁ። እኔ የሒሳብ ሰራተኛ ስለሆንኩ በቁጥር በኩል ልምጣ።

በ2010 ጅማና ጊዮርጊስ በእኩል 55 ነጥብ ጨርሰው በጎል ልዩነት ነው የተለያዩት። በ30 ጨዋታ 55 ነጥብ! በአማካይ በጨዋታ ሁለት ነጥብ እንኳ አይሞላም። ሻምፒዮኑ ራሱ ብዙ ነጥብ ጥሏል ማለት ነው። ላይኛው እንዲህ ከሆነ መሐል ያሉት ምን ያህል እንደተጠጋጉ አስቡት። በመጨረሻ ደቂቃ የተቆጠረ አንድ ጎል አንድን ክለብ ሦስት አራት ደረጃ ያወጣዋል ወይም ያወርደዋል። ስለዚህ ሰባተኛና አስራ አንደኛን ለመለየት እንቅልፍ አትጡ።

ወንድሜ፣ የእናንተ ደብተር ርቀቱን የሚለካው እንዴት ነው? ለእያንዳንዱ ክለብ የገመታችሁትን ደረጃ ከትክክለኛው ቀንሳችሁ ልዩነቱን የምትደምሩ ከሆነ አንድ ጠቃሚ ነገር ልንገርህ። እርግጠኛ ያልሆንክበትን ክለብ ሁሉ መሐል ላይ ሰብስብ። መሐል ያስቀመጥከው ክለብ ወደ ላይም ቢወጣ ወደ ታችም ቢወርድ ስህተትህ ከግማሽ ሰንጠረዥ አያልፍም። ጫፍ ላይ ያስቀመጥከው ግን ተገልብጦ ከተገኘ ሙሉውን ትከፍላለህ። ጫፎቹ ላይ በቂ ምክንያት ያለህን ክለብ ብቻ ጻፍ።

አሁን ወደ ከተማው ጉዳይ። ይሄንን ብዙ ሰው ይዘለዋል፣ እኔ ግን ትልቅ ቦታ እሰጠዋለሁ። ከ2013 ጀምሮ ሊጉ በየክለቡ ሜዳ መሆኑ ቀርቶ በተመረጡ ከተሞች ተራ በተራ ሲካሄድ ቆይቷል። 2013 ሀዋሳ ላይ ተጠናቀቀ። 2014 ሀዋሳ ላይ ተጀመረ። 2015 ከባህር ዳር፣ 2016 ከእኛ ከአዳማ፣ 2017 ከድሬዳዋ ተነሳ። የሜዳ ጥቅም የሚባለው ነገር በዓመቱ ውስጥ ተበትኖ አይመጣም፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተጠቅልሎ ነው የሚመጣው። ሊጉ ሀዋሳ ሲሆን ሀዋሳ ከተማና ሲዳማ ቡና ከቤታቸው ወጥተው ይጫወታሉ፣ ሌላው ሆቴል ያድራል። ያ ወቅት መጀመሪያ ላይ ከመጣ ቡድኑ በራስ መተማመን ይገነባል። መጨረሻ ላይ ከመጣ ላለመውረድ የሚታገል ክለብ ሊተርፍበት ይችላል። መሐል ላይ ከመጣ ብዙም አይታወቅም።

ሜዳውም አለ። አንድ ሜዳ ላይ በቀን ሁለት ጨዋታ፣ በሳምንት ደግሞ ሁሉም ክለብ ይጫወትበታል። እዚህ ዩኒቨርሲቲው ሜዳ ገብቼ ሳይ ሳምንታቱ በገፉ ቁጥር በሁለቱም ጎል ፊት ያለው ሳር ያልቃል፣ ዝናብ ሲጨመርበት አፈሩ ይወጣል። ኳስ እየተቀባበለ ከኋላ የሚወጣ ቡድን በዚያ ሜዳ ይቸገራል። ግብ ጠባቂው ለተከላካዩ የሰጠው ኳስ መንገድ ላይ ይቆማል። ረጅም ኳስና የቆመ ኳስ የሚጠቀም ቡድን ግን ያን ጊዜ ነጥብ ይሰበስባል። የጨዋታ ፕሮግራሙ ሲወጣ በዝናብ ወራት ውድድሩ የት እንደሆነ ዓይታችሁ ነው ሰንጠረዡን መዝጋት።

አንድ ልጨምር። ከ2017 ጀምሮ የተጫዋች ክፍያ ጣሪያ ተበጅቶለታል። ይህ ደግሞ ክለቦቹን ይበልጥ ያቀራርባል። ገንዘብ ያለው እንደ ድሮው ሁሉንም ጠራርጎ አይወስድም። የጋሼ የአሰልጣኝ ነገር ከዚህ በኋላ ይበልጥ ክብደት ያገኛል ብዬ አምናለሁ።


የሐይቁ ልጅ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ከሩቅ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። የተወለድኩት አረብ ሰፈር ነው፣ አሁን የምኖረው አሜሪካ። ይሄን ጥያቄ ሳነብ እዚህ ያየሁት ነገር ትዝ አለኝ።

እዚህ የኮሌጅ ፉትቦል የሚባል አለ፣ ኳሱን በእጅ የሚይዙት የአሜሪካው ጨዋታ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው የሚጫወቱት፣ ግን ስታዲየሙ በአስር ሺዎች ይሞላል። አትላንቲክ ኮስት ኮንፈረንስ የሚባለው ማኅበር በሁለት ምድብ ተከፍሎ ነበር። አንዱ ኮስታል ይባላል፣ ሰባት ቡድን ነበረው። በፈረንጆቹ 2013 ዱክ አሸነፈ። 2014 ጆርጂያ ቴክ። 2015 ኖርዝ ካሮላይና። 2016 ቨርጂኒያ ቴክ። 2017 ማያሚ። 2018 ፒትስበርግ። 2019 ቨርጂኒያ። በሰባት ዓመት ሰባቱም ቡድኖች አንዳንድ ጊዜ! ማንም አልደገመ፣ ማንም አልቀረ። በየዓመቱ ሐምሌ ላይ ጋዜጠኞቹ ተሰብስበው በድምፅ ይተነብያሉ። እንዲህ ባለ ምድብ ላይ እስቲ ምን ብለው ይተንብዩ?

የቨርጂኒያ ደግሞ የተለየ ነበር። በጎረቤታቸው በቨርጂኒያ ቴክ በተከታታይ 15 ጊዜ ተሸንፈው ነው በ2019 ላይ 39 ለ 30 አሸንፈው ምድቡን የወሰዱት። ከተማው ሲያብድ አይቻለሁ።

ግን ሌላም ገጽ አለው። የምድቡ አሸናፊ ከሌላኛው ምድብ አሸናፊ ጋር ለዋንጫ ይጫወታል። በእነዚያ ሰባት ዓመታት የኮስታል አሸናፊ ሰባቱንም ተሸንፏል። መጀመሪያ በፍሎሪዳ ስቴት፣ ከዚያ በክሌምሰን። ያች የተወደደች ቨርጂኒያም 62 ለ 17 ተሸነፈች። ምድቡ እኩል የሆነው ሁሉም ጠንካራ ስለሆነ አልነበረም፣ ከሌሎቹ ነጥሎ የሚወጣ ስለጠፋ ነው። በመጨረሻ በ2023 ምድብ የሚባለውን ነገር ራሱ አስቀሩት።

የእኛም ሊግ እንዲያ እንዳይሆን እሰጋለሁ። ንግድ ባንክ በእኛ አቆጣጠር በ2016 በሊጉ ነግሦ አፍሪካ ላይ በታንዛኒያው ያንጋ 6 ለ 0 ሲሸነፍ ሌሊት ቁጭ ብዬ ነው ያየሁት። የቻምፒዮንስ ሊግ ምድብ ውስጥ የገባ የኢትዮጵያ ክለብ ጊዮርጊስ ብቻ ነው፣ እሱም በ2009። ሻምፒዮኑ በየዓመቱ ሲቀያየር ለአፍሪካ የሚሆን ልምድ ያለው ቡድን ማን ይሰራል?


የይርጋለም ልጅ (ሀዋሳ)

ወንድሜ ከአሜሪካው፣ በዚህ አልስማማም። በ2010 ወላይታ ድቻ የግብጹን ዛማሌክን ከአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ሲያስወጣ የት ነበርክ? የመጀመሪያው ጨዋታ እዚሁ ሀዋሳ ስታዲየም ነበር፣ 2 ለ 1። ካይሮ ላይ 2 ለ 1 ተሸንፈው በመለያ ምት አሸነፉ። እኔ የሲዳማ ቡና ደጋፊ ነኝ፣ ያን ቀን ግን ከድቻ ደጋፊ ጋር ተቃቅፌ ነው የጮህኩት። ድቻ ያን ዓመት የሊጉ ሻምፒዮን አልነበረም። እኩል የሆነ ሊግ መሐል ላይ ያለውም ክለብ እንዲህ ያለ አቅም እንዲኖረው ያደርጋል።

ለጠያቂው፦ ሲዳማ ቡናን ከሀዋሳ በላይ ጻፍ። ምክንያቴን የሊጉ ጨዋታ ሀዋሳ ሲመጣ ሜዳ ላይ ታየዋለህ።


የሐይቁ ልጅ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

የድቻውን ማንም አይክድም፣ እዚህም ጨፍረንበታል። እኔ የምለው በየዓመቱ የሚደገም ነገር ይኑረን ነው።


የታቦር ልጅ (ሀዋሳ)

በጣም ነው የጠቀማችሁኝ። ያሰብኩትን ልጻፍላችሁ፣ ካልተስማማችሁ ንገሩኝ።

አንደኛ መድንን እጽፋለሁ። «ከጊዮርጊስ በቀር የደገመ የለም» ያልኩት እኔው ነኝ፣ አውቃለሁ። ግን ጅማም መቐለም ዋንጫ ከበሉ በኋላ ምን እንደሆነ አስቡ። ጅማ ዋንጫውን በበላ ማግሥት ገብረመድህን ወደ መቐለ ሄደ። የመቐለ ቀጣይ ዓመት በኮሮና ተቋረጠ። ስለዚህ ገብረመድህን ዋንጫ ከበላበት ክለብ ጋር ቀጣዩን ዓመት እስከ መጨረሻው ሲጫወት ገና አላየንም። ይሄ ለእኔ በቂ ምክንያት ነው።

ሁለተኛ ጊዮርጊስ። በጀቱ ቢዋዥቅም፣ ተጫዋች ቢሄድበትም፣ ያ ክለብ ከላይ መሆን ልማዱ ነው። ከዚያ በታች እስከ ስድስተኛ ያሉትን አከርካሪያቸውን ቆጥሬ እሞላለሁ። ባህር ዳር፣ ንግድ ባንክ፣ ኢትዮጵያ ቡና እና መቻል ከዚያ አይርቁም ብዬ አስባለሁ።

አዲስ ያደጉትን ታች አልጥልም። ጓደኞቼ ሁሉ በየዓመቱ ያደገውን ክለብ የመጨረሻ ሁለት መስመር ላይ ይጽፋሉ። ጅማና ንግድ ባንክ ካሳዩን በኋላ ይህ ልማድ ትክክል አይመስለኝም። እህቴ ከአዳማ እንዳለችው መሐል አስቀምጣቸዋለሁ።

ሀዋሳና ሲዳማ ቡና ይቀራሉ። የይርጋለም ልጅ ይቅርታ አድርግልኝና፣ ጎን ለጎን ነው የማስቀምጣችሁ። ማን ከማን ይበልጣል የሚለውን ሊጉ ወደዚህ የሚመጣበት ወቅት ይወስነዋል። ሀዋሳ ልጅ የማውጣት ልምድ አለው። ከ20 ዓመት በታች ቡድኑ የመጡ ልጆች ሁለት ሦስቱ ቋሚ ከሆኑ ከስድስተኛ እስከ ዘጠነኛ ይገባል። የሚያሳስበኝ የተከላካይ አማካዩ ቦታ ነው። ሰሞኑን ልምምድ ላይ ቆሜ ሳይ ያ ቦታ ላይ ልጆች ሲቀያየሩ ነበር፣ ገና አልተወሰነም።


የሜዳው ሰው (ሀዋሳ)

የመድንን ነገር በደንብ ነው ያሰብከው። ጊዮርጊስን ግን በስሙ አታስቀምጠው፣ እሱንም እንደሌላው አከርካሪውን ቁጠርለት።

ሀዋሳን በተመለከተ እውነትህን ነው፣ ክፍተቱ እዚያ ቦታ ላይ ነው። እኔም ሐሙስ ልምምዱን ሄጄ አያለሁ። የተከላካይ አማካዩ ላይ አንዱ ልጅ ሙሉውን ሰዓት ከተጫወተ እዚሁ እጽፍልሃለሁ። እስከዚያ የሀዋሳን መስመር ባዶ ተወው።


ሰላም ከአዳማ (አዳማ)

ከሜዳው ውጪም አንድ ነገር ጠይቁ፦ ሰሞኑን ከፈረሙት ውስጥ ስንቶቹ የሁለት ዓመት ውል ነው የፈረሙት? የዘንድሮን ብቻ ሳይሆን የሚቀጥለውንም ሰንጠረዥ ለመጻፍ ይጠቅማችኋል።